ባለ አሸንዳ አክንባሎ ይዤ ለሻርክ ታንክ ማጣሪያ ልቀርብ ነው፤ ከምን ልጀምር?

ጥያቄ፦ የምኖረው ሜሪላንድ ነው። ለባለ 16 ኢንች የኤሌክትሪክ ምጣድ የሚሆን አክንባሎ ሠርቻለሁ። ከውስጥ ዙሪያውን አሸንዳ ስላለው የእንፋሎቱ ውሃ እንጀራው ላይ አይንጠባጠብም፤ በማጠፊያ ስለሚከፈትም በአንድ እጅ ይነሳል። መሸጥ ከጀመርኩ አሥር ወር ሆነኝ፤ በ79 ዶላር 140 ሸጫለሁ፤ አንዱን ለመሥራት 34 ዶላር ይፈጅብኛል። ብየዳውን የሚሠራልኝ የአክስቴ ልጅ ነው። ሻርክ ታንክ፣ ነጋዴዎች ሥራቸውን ለባለሀብቶች አቅርበው በድርሻ ገንዘብ የሚጠይቁበት የአሜሪካ የቴሌቪዥን ፕሮግራም፣ ከስድስት ሳምንት በኋላ ማጣሪያ አለው። 100,000 ዶላር በ10 ከመቶ ድርሻ ልጠይቅ አስቤያለሁ። የፓተንት ማመልከቻ ገና አላስገባሁም። እንዴት ልዘጋጅ?

ምላሽ፦ ከንግግሩ አይጀምሩ። ከጻፉት ውስጥ የሚያስቸኩለው የማጣሪያው ቀን ሳይሆን «አሥር ወር ሆነኝ» ያሉት ነው። የአሜሪካ ሕግ ፈልሳፊው ፈጠራውን ለሕዝብ ካሳየበት ወይም ለሽያጭ ካቀረበበት ቀን አንስቶ የአንድ ዓመት ጊዜ ይሰጠዋል። በዚያ ውስጥ ማመልከቻ ካላስገባ የፓተንት መብቱን፣ ማለትም ሌላው አስመስሎ እንዳይሠራ የመከልከል መብቱን፣ ያጣል፤ በኋላ የሚመለስበት መንገድ የለም። ስለዚህ የቀረዎት ሁለት ወር ግድም ነው፤ ከዚያም ላይ ስድስቱን ሳምንት የማጣሪያው ዝግጅት ሊበላው ነው። ሲቆጥሩም ከመጀመሪያው ሽያጭ ብቻ አይነሱ። ፎቶውን ፌስቡክ ላይ የለጠፉበት፣ ቲክቶክ ላይ ሲጋግሩበት የታዩበት፣ በቤተ ክርስቲያን ባዛር ዋጋ ጽፈው ጠረጴዛ ላይ ያስቀመጡበት ቀን ከቀደመ ጊዜው የሚቆጠረው ከዚያ ነው።

በዚህ ሳምንት የሚያስገቡት ጊዜያዊ የፓተንት ማመልከቻ ነው፤ ጠበቆቹ ፕሮቪዥናል የሚሉት። በአሜሪካ የፓተንትና የንግድ ምልክት ቢሮ ድረ ገጽ በኩል ይገባል። ገቢው ከተወሰነ ጣሪያ የማያልፍና ከዚህ ቀደም ብዙ ማመልከቻ ያላስገባ ፈልሳፊ የ80 ከመቶ ቅናሽ ያገኛል፤ እ.ኤ.አ. በ2025 ተመን ለእንዲህ ያለው ሰው ክፍያው 65 ዶላር ነው። ተመኑ ስለሚለዋወጥ በሚያስገቡበት ቀን ድረ ገጹን ይዩ። ይህ ማመልከቻ አይመረመርም፣ በራሱም ፓተንት አይሆንም። የሚያስገኝልዎት ቀን ነው፦ በ12 ወር ውስጥ መደበኛውን ማመልከቻ ካስከተሉ ቀኑ ይያዝልዎታል፤ ካላስከተሉ ጊዜያዊው እንዳልነበረ ይሆናል።

ርካሽ በመሆኑ ሁለት አንቀጽና አንድ የስልክ ፎቶ ልኮ «ጨረስኩ» የሚል ብዙ ነው። ያልተጻፈ ነገር ግን አይጠበቅም። የአክንባሎው ጣሪያ ስንት ዲግሪ እንደሚዘቀዝቅ፣ የአሸንዳው ስፋትና ጥልቀት፣ ውሃው በየት በኩል እንደሚወጣ፣ የብረቱ ዓይነትና ውፍረት፣ ማጠፊያው ምጣዱን እንዴት እንደሚይዝ፣ ሁሉም በቁጥር ተጽፎ ከሥዕል ጋር ይግባ። እስካሁን ያልሠሩት ግን ሊሠራ የሚችለው መልክም ይጻፍ፦ አሸንዳው ከብረት ይልቅ ሲሊኮን ቢሆን፣ ውሃው በማጠፊያው በኩል ሳይሆን በፊት ለፊት ቢወጣ፣ ምጣዱ ከ16 ኢንች ቢበልጥ። አስመስሎ ሊሠራ የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ የሚፈልገው እርስዎ ሳይጽፉ የተዉትን ነው። ካስገቡ በኋላ «የፓተንት ማመልከቻ ገብቷል» ማለት ይችላሉ። ሳያስገቡ ሰው ለማታለል እንዲህ ማለት ያስቀጣል።

ከማስገባትዎ በፊት ሁለት ምሽት ጉግል ፓተንትስ ላይ ተቀምጠው ይፈልጉ። የእንፋሎት ውሃ የሚሰበስቡ የድስት ክዳኖች ተመዝግበው ያገኛሉ፤ አይደንግጡ። «ውሃ የሚሰበስብ ክዳን» የሚለው ሰፊ ሐሳብ የእርስዎ አይሆንም። የእርስዎ ሊሆን የሚችለው አሸንዳው፣ ውሃውን ሲከፈት ወደ ኋላ የሚወስደው ማጠፊያና ለጥ ያለው ሰፊ ምጣድ የተገናኙበት መንገድ ነው። አጻጻፉን ጠበቃ ቢያይልዎት ገንዘቡ አይባክንም።

አውሮፓ ግን አምልጦዎታል። በዚያ የአንድ ዓመት እፎይታ የሚባል ነገር ስለሌለ በራስዎ እጅ በአደባባይ የተሸጠ ዕቃ አዲስ ተብሎ ፓተንት አያገኝም። ፍራንክፈርትና ስቶክሆልም ላሉ ሐበሾች መላክ ይችላሉ፤ ሌላው ሰው እዚያ አስመስሎ እንዳይሠራ መከልከል ግን አይችሉም። ስለዚህ «ጥበቃሽ እስከ የት ነው?» ተብለው ሲጠየቁ መልሱ «አሜሪካ» ነው። «ዓለም አቀፍ ፓተንት አለኝ» የሚል ሰው ጉዳዩን እንደማያውቀው ወዲያው ይታወቅበታል።

የአክስትዎ ልጅ ጉዳይ ከዚህ ያልተናነሰ ነው። በእርስዎ ሥዕል መሠረት ከበየደ ሠራተኛ ነው፤ ፈልሳፊ አይባልም። «አሸንዳውን ወደ ውስጥ ብናጎብጠው ውሃው አይመለስም» ብሎ መላውን የዘየደው እሱ ከሆነ ግን ፈልሳፊ ነው፤ ስሙ ማመልከቻው ላይ መግባት አለበት። በአሜሪካ ሕግ ተቃራኒ ውል ከሌለ በቀር የፓተንት ተጋሪ ባለቤት ያለ ሌላው ፈቃድ ዕቃውን ሠርቶ መሸጥ ይችላል፤ ገቢውንም የማካፈል ግዴታ የለበትም። ይሉኝታ እዚህ ላይ ብዙ ያስከፍላል። መብቱን ለድርጅትዎ እንደሚያስተላልፍ፣ በምትኩ ምን እንደሚያገኝ የሚገልጽ ውል ሁለታችሁም ዛሬ ፈርሙ። ገንዘብ የሰጡዎት ዘመዶችም ካሉ እንዲሁ ያድርጉ። እቁብ ደርሶዎት ያዋሉት ብር የራስዎ ነው፤ «ሲሳካልሽ ታስቢናለሽ» ተብሎ የተሰጠ 2,000 ዶላር ግን ብድር ይሁን ድርሻ የታወቀ ነገር የለም። ከቀረጻው በፊት የፕሮግራሙ ሰዎች፣ ከቀረጻው በኋላ ደግሞ የባለሀብቱ ጠበቆች ይህን ያጣራሉ። የፕሮግራሙ ሰዎች ደግሞ የእርስዎን ምስጢር ለመጠበቅ አይፈርሙም፤ ፈርሚ የሚባሉት እርስዎ ነዎት። ማመልከቻው አስቀድሞ ይግባ የምለው ለዚህም ጭምር ነው።

አሁን ወደ ማጣሪያው። ጠረጴዛው ኋላ የሚቀመጡት በቴሌቪዥን የሚያዩዋቸው ባለሀብቶች አይደሉም፤ ተወዳዳሪ የሚመርጡ የፕሮግራሙ ባልደረቦች ናቸው። ገንዘባቸውን ስለማያወጡ ትርፉን በጥልቀት አይመረምሩም። የሚመዝኑት ይህች ሴት ተመልካች ቻናል እንዳይቀይር ማድረግ ትችላለች ወይ የሚለውን ነው። አንድ ደቂቃ ይሰጥዎታል፤ ከዚያ ጥቂት ጥያቄ ይከተላል። ስለዚህ ደቂቃውን ከቃላት አይገንቡት። በዓይን ከሚታየው ልዩነት ይነሱና ቃላቱን በዙሪያው ያስቀምጡ።

ምሳሌ የሚሆነው እ.ኤ.አ. በ2012 ስክራብ ዳዲ የተባለውን የዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅ ይዞ የቀረበው አሮን ክራውስ ነው። ስፖንጁ በቀዝቃዛ ውሃ ይጠነክራል፣ በሙቅ ውሃ ይለሰልሳል፤ ይህን እዚያው አሳየ። 100,000 ዶላር በ10 ከመቶ ጠይቆ ከፕሮግራሙ ባለሀብቶች አንዷ ከሆነችው ከሎሪ ግሬይነር ጋር በ200,000 ዶላር በ20 ከመቶ ተስማማ። ስለ ስፖንጁ ኬሚስትሪ ማብራራት አላስፈለገውም።

የእርስዎ ችግር ማሳያው እሳት መፈለጉ ነው። በማጣሪያ አዳራሽ መሰኪያ አገኛለሁ ብለው አይሂዱ። ቢገኝም ምጣዱ እስኪግል ደቂቃዎች ይሄዳሉ፣ አንዷ እንጀራ እስክትበስል ሌላ ሁለትና ሦስት ደቂቃ። ስለዚህ ያለ እሳት የሚሠራ ማሳያ ያዘጋጁ።

ተራ አክንባሎ እንጀራውን የሚያረጥበው በአብዛኛው ተከድኖ ሳለ ሳይሆን ሲነሳ ነው። እንፋሎቱ ቀዝቀዝ ያለው ብረት ላይ ላብ ሆኖ ይቀመጣል፤ አክንባሎውን ሲያዘነብሉት ውሃው ወደ ጠርዝ ይሮጥና እንጀራው ላይ ይፈሳል። ማሳያው ይህንኑ ይድገመው። ሁለት አክንባሎ፣ አንዱ ተራ፣ አንዱ የእርስዎ። ከሥራቸው በ16 ኢንች ክብ የተቆረጠ ጥቁር የተቀባ ስስ የእንጨት ጣውላ፤ ምጣዱን ራሱን አይሸከሙ፣ ማጠፊያው ግን ጣውላውን መያዝ መቻሉን ቤት ይሞክሩ። በላዩ ነጭ የወጥ ቤት ወረቀት ይንጠፍ። ውሃው የምግብ ቀለም ይግባበት፤ ሰማያዊ ከርቀት ይታያል። ለሁለቱም እኩል አንድ የሾርባ ማንኪያ፣ 15 ሚሊ ሊትር ያህል፣ ዳኞቹ እያዩ ይለኩና በመርጫ ጠርሙስ የአክንባሎዎቹ ውስጥ ላይ ይርጩ። እኩል ካልሆነ ማታለል ይመስላል። ይክደኑ፣ ይክፈቱ። በተራው በኩል ወረቀቱ ሰማያዊ ይሆናል፤ በእርስዎ በኩል ውሃው በአሸንዳው ሄዶ ከኋላ ያስቀመጡት ትንሽ ብርጭቆ ውስጥ ይንጠባጠባል።

ይህ ማሳያ የሚበላሽባቸው ቦታዎች አሉ። ብረቱ ቅባት ካለው ውሃው ይንከባለልና እንደ ዶቃ ተጣብቆ ይቀራል፤ ሁለቱም አክንባሎዎች ያልረጠቡ ይመስላሉ። በማለዳው በዕቃ ሳሙና ያጥቡ፣ በኮምጣጤ ያለቅልቁ፣ ከዚያ በኋላ ውስጡን በጣት አይንኩ። ታጣፊ ጠረጴዛ ብዙ ጊዜ ያዘነብላል፤ አሸንዳው ወደ ተሳሳተው ጎን ካዘነበለ ውሃው መሃል ላይ ይቆማል። የታጠፈ ካርቶን ይያዙና ከመጀመርዎ በፊት ጣውላውን ያስተካክሉ። የመርጫው አፍ ይደፈናል፤ ሁለተኛ ጠርሙስ ይኑር። የሌላ ድርጅት ምልክት ያለበት ዕቃ ካለ በጥቁር ፕላስተር ይሸፍኑ፤ ቴሌቪዥን የማይፈቀድለትን ምልክት ማሳየት አይወድም። ነጭ የሐበሻ ቀሚስና ሰማያዊ ውሃም አብረው አይሄዱም። ቀሚሱን መልበስ ከፈለጉ ቀለሙን ይተዉና ወረቀቱን ጥቁር ያድርጉት፤ እጅጌው ግን ጠባብ ይሁን።

ከማሳያው ጎን ሁለት ማስረጃ ይኑር። አንደኛው የዚያኑ ዕለት የተጋገሩ ሁለት እንጀራዎች ናቸው፤ አንዷ በተራው አክንባሎ ጠርዟ የረጠበ፣ አንዷ በእርስዎ፣ እንዳይጣበቁ በመሃላቸው ወረቀት ገብቶ ሰፌድ ላይ የተቀመጡ። ሁለተኛው በስልክ የተቀረጸ የሃያ ሰከንድ ቪዲዮ፣ ያለ ድምፅ፣ ምጣዱ ግሎ እንፋሎቱ ሲወጣ የሚያሳይ። ስልኩ በአውሮፕላን ሁነታ ላይ ይሁን፤ ቪዲዮው መሃል ላይ ከአገር ቤት ስልክ እንዳይደወል።

ንግግሩ በእንግሊዝኛ ነው። ሰው በአንድ ደቂቃ 140 ቃል ያህል ይናገራል፤ እርስዎ 110 ይጻፉ፤ የቀረው ጊዜ ለእጅዎ ነው። ጣትዎ እየሠራ ምላስዎ ከሮጠ ተመልካቹ ሁለቱንም አይከተልም። በመጀመሪያዎቹ አሥር ሰከንዶች ተራውን አክንባሎ ይክፈቱና ውሃው ሲፈስ «እንጀራ በጋገርን ቁጥር የሚሆነው ይህ ነው» ይበሉ። በቀጣዮቹ አሥር የእርስዎን ይክፈቱ፤ ዝም ብለው ውሃውን ያሳዩ። ስምዎና የዕቃው ስም የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው፤ ሰው ካየው ነገር በኋላ የሰማውን ስም ያስታውሳል። እንጀራን በአንድ ዓረፍተ ነገር ያስተዋውቁ፦ ከጤፍ የሚጋገር፣ በእጅ እየቆረስን ወጥ የምንበላበት ስስ ምግብ። አክሱምንና የቡናን መገኛ ለሌላ ቀን ያቆዩ፤ ደቂቃ ይበላሉ። ከዚያ ሽያጩ፣ ዋጋው፣ የማምረቻ ወጪው። በመጨረሻ የሚጠይቁት ገንዘብና ድርሻ፤ ከዚያ ይቁሙ። ብዙ ሰው ደቂቃው ሳያልቅ ሲጨርስ ይደነግጥና ቀሪውን በወሬ ይሞላል።

አነጋገርዎ አበሻ አበሻ ቢል ግድ የለም፤ ፍጥነቱ ነው የሚጎዳው። እንጀራ በልቶ ለማያውቅ የሥራ ባልደረባ ያቅርቡና «ምን እንደምሸጥ በራስህ አፍ ንገረኝ» ይበሉት። «ሙቀት የሚይዝ ክዳን» ካለ ማሳያው አልገባውም ማለት ነው። መሃል ላይ እንዲያቋርጥዎትም ይጠይቁት፤ ቃል በቃል የሸመደደ ሰው ሲቋረጥ ወደ መጀመሪያው ይመለሳል።

የጠየቁት ድርሻ ከሁሉ የከፋው ክፍል ነው። 100,000 ዶላር በ10 ከመቶ ማለት ድርጅቴ አንድ ሚሊዮን ዶላር ያወጣል ማለት ነው። በአሥር ወር የሸጡት 11,060 ዶላር ነው። ከማምረቻ ወጪ የተረፈው 6,300። ዋጋውን ከሽያጭዎ ዘጠና እጥፍ አድርገውታል፤ ይህን የሚያስረዳ የተፈረመ ትእዛዝ ወይም የተሰጠ ፓተንት የለም። መራጮቹ ሒሳቡን ባይሠሩትም ባለሀብቶቹ በምን እንደሚያፋጥጡዎት ይገምታሉ፤ ለአንድ ደቂቃ መሳቂያ ሊያደርጉዎት ካልፈለጉ ያልፉዎታል። መሳቂያ ሊያደርጉዎት ከፈለጉ ደግሞ ያሳልፉዎታል፤ እሱ ይብሳል።

ሁለተኛው ቀዳዳ ጅምላው ነው። የሐበሻ ሱቆች ዕቃዎን በ79 እንዲሸጡ ከፈለጉ በግማሹ ገደማ፣ በ40 ዶላር፣ ሊያስረክቧቸው ይገባል። ማምረቻው 34 ነው፤ ስድስት ዶላር ይቀራል፤ ከሱም ላይ ማጓጓዣና የተመለሰ ዕቃ ይነሳል። አንዱ ባለሀብት ድርሻውን ትቶ «ከእያንዳንዱ ሦስት ዶላር ስጪኝ» ቢል ግማሹ ሄደ። ስለዚህ 34ቱ ምን ምን እንደሆነ አንድ በአንድ ይጻፉ፦ ብረቱ፣ አሸንዳው፣ ማጠፊያው፣ ካርቶኑ፣ የካርድ ክፍያው፣ የብየዳ ሰዓቱ። የአክስትዎ ልጅ በዘመድ ዋጋ ከሠራ ወይም የራስዎን ጉልበት ካልቆጠሩ እውነተኛው ወጪ ከ34 ይበልጣል፤ ይህን ከሌላ ሰው አፍ ከመስማት ራስዎ ቢያውቁት ይሻላል። ቀጥሎ ሉሁን እያሽከረከረ የሚቀርጽ የብረት ፋብሪካ ያነጋግሩና ለ500ና ለ2,000 ፍሬ የጽሑፍ ዋጋ ይቀበሉ። ወጪው ወደ 20 ዶላር ከወረደ ንግዱ ንግድ ይሆናል፤ ካልወረደ ምርቱን በራስዎ ድረ ገጽ ብቻ እንደሚሸጡ በድፍረት ይናገሩ።

ያን የዋጋ ወረቀት ይዘው 50,000 ዶላር በ25 ከመቶ ቢጠይቁ ድርጅትዎን 200,000 ገመቱት ማለት ነው። አሁንም ከሽያጭዎ አሥራ ስምንት እጥፍ ነው፤ ግን ገንዘቡ በምን ላይ እንደሚውል ያሳያል። ከዚህ ከፍ ለማለት የሚረዳዎት ወሬ ሳይሆን የሱቆች ትእዛዝ ነው። በስድስት ሳምንት ውስጥ ከሲልቨር ስፕሪንግና ከአሌክሳንድሪያ ሱቆች አምስት የጽሑፍ ትእዛዝ ማሰባሰብ ይቻላል።

«ይህ ለሐበሻ ብቻ ነው?» መባልዎ አይቀርም። ብዙ ሐበሻ የሚጋግርበት ባለ 16 ኢንች ምጣድ መጀመሪያ የተሠራው ሌፍሴ ለሚባለው የኖርዌጂያኖች ስስ ቂጣ ነው፤ ያንን አንስተው «የሌፍሴ ጋጋሪዎችም ይገዙኛል» ለማለት ይፈተናሉ። አይበሉት፤ ሌፍሴ ሳይከደን ነው የሚጋገር። «ገበያዬ ሁሉም ሰው ነው» ከማለት ይልቅ ጠባቡን ገበያ በትክክል ማወቅዎን ያሳዩ፦ ማን በሳምንት ስንት ቀን እንደሚጋግር፣ ስንቱ ገዢ ለሁለተኛ ጊዜ ለእህቱ ወይም ለእናቱ እንደገዛ። ከ140ዎቹ ገዢዎች ሠላሳውን ደውለው ይጠይቁ።

የድሮ ምክር የሚሰጥዎት ሰው «ፕሮግራሙ ለመቅረብ ብቻ 5 ከመቶ ድርሻ ይወስዳል» ሊልዎት ይችላል። 5 ከመቶ ድርሻ ወይም 2 ከመቶ ትርፍ የሚለው አንቀጽ ነበረ፤ ያኔ ከባለሀብቶቹ አንዱ የነበረው ማርክ ኩባን አልቀበልም ካለ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2013 ቀርቷል።

ለዕለቱ፦ የማመልከቻ ቅጹን ቤት ሞልተው ይሂዱ፤ ሰልፍ ላይ የተሞላ ቅጽ ቁጥር ይሳሳታል። አብዛኛውን ጊዜ ጠዋት ቁጥር ያለው የእጅ አንባር ይታደላል፤ ሳይነጋ ቢደርሱ ይሻላል። ከዚያ ለሰዓታት ይቆማሉ፤ ዕቃው ሁሉ ባለ ጎማ ሻንጣ ውስጥ ይግባ፣ ብቻዎን በ30 ሰከንድ ዘርግተው መሰብሰብ ይለማመዱ። የዕድሜና የነዋሪነት መስፈርቱን ከዓመቱ ደንብ ላይ ራስዎ ያንብቡ።

ከዚያ ዝምታ ሊሆን ይችላል። ቢጠሩም መቀረጽ መተላለፍ አይደለም፣ በካሜራ ፊት የተጨበጠ እጅም ውል አይደለም፤ ከማጣራት በኋላ የሚፈርስ ስምምነት ብዙ ነው። የሚተላለፍበት ቀን በጽሑፍ ሳይደርስዎት 2,000 አክንባሎ አያዝዙ። ውድቅ ቢደረጉም ማመልከቻዎና የሱቅ ትእዛዝዎ እጅዎ ላይ ናቸው። የበር ደወሉን ይዞ እ.ኤ.አ. በ2013 የቀረበው ጄሚ ሲሚኖፍ ያለ ስምምነት ወጣ፤ ሪንግ ተብሎ ያደገውን ድርጅቱን አማዞን በ2018 ገዛው።

ካለፉ የሚጠየቁት ረዘም ያለ ቪዲዮ ነው፤ በዚያ ላይ በእውነተኛ እሳት ይጋግሩ። 1,500 ዋት ምጣድ በ120 ቮልት 12.5 አምፒር ይስባል፤ በዚያው መስመር ላይ ማይክሮዌቭ ወይም ትልቅ መብራት ከተሰካ ብሬከሩ ይወርዳል፤ መብራቱን ከሌላ ክፍል ያምጡ። እንፋሎት የካሜራውን ዓይን ስለሚያጨልም ስልኩን በጎን በኩል፣ ከምጣዱ ክንድ ተኩል ራቅ አድርገው ያቁሙ፤ ከኋላ ጥቁር ጨርቅ ከተሰቀለ እንፋሎቱ ጎልቶ ይታያል። ምጣዱ ሙቀቱን እስኪይዝ የመጀመሪያዋ እንጀራ ዓይኗ ስለማያምር ቀረጻውን ከሦስተኛዋ ይጀምሩ።